7 ሌሊት በሁለት ሪዞርት፦ ከደሴ ለሚነሳ ቤተሰብ ለሐዋሳና ለቢሾፍቱ እንዴት ይከፋፈል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ደሴ ነው። እኔና ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆች (12፣ 8 እና 3 ዓመት)፣ የ70 ዓመት አማቴም አብረውን ናቸው፤ ስድስት ነን። በልጆቹ የሴሚስተር ዕረፍት ከረቡዕ ጥር 19 ቀን 2019 ጀምሮ 7 ሌሊት አስበናል። ሐሳባችን መጀመሪያ ቢሾፍቱ አራት ሌሊት፣ ከዚያ ሐዋሳ ሦስት ሌሊት ነው። እስከ አዲስ አበባ ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን እንሄዳለን። ጉዞውን ሁለት ቦታ መክፈሉ ያዋጣል ወይስ አንዱ ጋ መቀመጥ ይሻላል? አማቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሥጋ የሙስሊም ካልሆነ አንበላም።

ምላሽ፦ ያዋጣል፤ ግን እቅዱን ገልብጡት። ሐዋሳ መጀመሪያ አራት ሌሊት፣ ቢሾፍቱ መጨረሻ ሦስት ሌሊት ይሁን።

በመጀመሪያ ጉዞውን ለሁለት መክፈል ራሱ ምን እንደሚያስከፍላችሁ እንይ። አንድ ሆቴል ውስጥ የምታገኙት ሙሉ ቀን ከምታድሩት ሌሊት በአንድ ያንሳል፤ የመግቢያውና የመውጫው ቀን ግማሽ ግማሹ በመንገድና በሪሴፕሽን ያልቃል። ሰባቱን ሌሊት አንድ ቦታ ብታድሩ ስድስት ሙሉ ቀን አላችሁ። አራትና ሦስት አድርጋችሁ ስትከፍሉት ሦስትና ሁለት፣ በድምሩ አምስት ይሆናል። ሦስተኛ ቦታ ከጨመራችሁ ወደ አራት ይወርዳል። ስለዚህ የሁለተኛው ሆቴል ትክክለኛ ዋጋ አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን ነው። ያ ቀን የሚመለሰው ሁለቱ ቦታዎች የተለያየ ነገር ከሰጧችሁ ብቻ ነው። የእናንተ ምርጫ እዚህ ላይ ደህና ነው፦ ሐዋሳ ትልቅ ሐይቅ፣ ጀልባ፣ ጉማሬ፣ የዓሣ ገበያና በእግር የሚኬድበት ከተማ አለው፤ ቢሾፍቱ ደግሞ ከግቢ ሳይወጡ ገንዳና ዕረፍት ነው። ቢሾፍቱና አዳማ ወይም ሁለት ሪዞርት እዚያው ቢሾፍቱ ውስጥ ብላችሁ ቢሆን ኖሮ «አንዱ ጋ ቁጭ በሉ» ነበር መልሱ። ከአምስት ሌሊት በታች ላላቸውም እንዲሁ። (ሁለት ሌሊት ብቻ ያለው ደሴዬ ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ወደ ሐይቅ ከተማ ቢሄድ የሎጎ ሐይቅ ውሃ ይበቃዋል።)

ሐዋሳን መጀመሪያ ያልኩበት አንዱ ምክንያት የመመለሻው በረራ ነው። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ መንገዱ ደህና ሲሆን አራት ሰዓት ተኩል ከዚያም በላይ ይፈጃል። በእናንተ እቅድ የመጨረሻው ቀን ከሐዋሳ ተነስቶ ለኮምቦልቻ በረራ ቦሌ መድረስን ይጠይቃል። ሻሸመኔ ላይ አንድ ሰዓት ከቆማችሁ ወይም ጎማ ከተበሳ ስድስት ትኬት አለፈ ማለት ነው። ሩቁን አስቀድማችሁ ቅርቡን ለመጨረሻ ካደረጋችሁት ግን ከቢሾፍቱ እስከ ቦሌ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚቀራችሁ፤ ቢዘገይም የሚዘገየው በደቂቃ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የሳምንቱ ቀን ነው። ቢሾፍቱ ለአዲስ አበባ ሰው የቅርብ መዝናኛ ስለሆነ ዓርብና ቅዳሜ ማታ ይሞላል፤ ዋጋውም ያኔ ነው የሚወጣው። እናንተ ያሰባችሁት ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ ቢሾፍቱ ነው፤ ሁለቱንም ውድ ሌሊት ሰብስባችሁ ያዛችሁ። ሲገለበጥ እነዚያ አራት ሌሊቶች የሐዋሳ ይሆናሉ፣ እሑድ ጥር 23 ትዛወራላችሁ፣ ቢሾፍቱን እሑድ፣ ሰኞና ማክሰኞ ታድሩና ረቡዕ ጥር 26 ትመለሳላችሁ። ሐዋሳም ለሳምንቱ መጨረሻ ዋጋ መጨመሩ አይቀርም፤ ያን ያህል ግን አይደለም። እሑድ ከሰዓት የአዲስ አበባው ሕዝብ ቢሾፍቱን ለቆ ሲወጣ እናንተ ከሞጆ በኩል ትገባላችሁ፤ ገንዳውም ክፍሉም ይለቀቅላችኋል።

ቀኖቹ ጥሩ ናቸው። ጥምቀት አልፏል። 19 ወርኃዊው ገብርኤል ነው እንጂ ዓመታዊው አይደለም፤ ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 ቢሆን ኖሮ ሐዋሳ ላይ አልጋ ማግኘት ጭንቅ ነበር። ረመዳንም በ2019 የሚገባው የካቲት 1 ገደማ ስለሆነ ቤት ገብታችሁ ለመዘጋጀት አምስት ቀን ያህል ይቀራችኋል።

ስትይዙ በብዛት የሚበላሸው እዚህ ነው፦ የሆቴሉ ኮምፒውተር የሚሠራው በፈረንጅ ቀን ነው። በስልክ «ከ19 እስከ 23» ካላችሁ አንዱ ጥር 19 ብሎ ይሰማል፣ ሌላው ጃንዋሪ 19 ብሎ ይመዘግባል፤ የስምንት ቀን ልዩነት ነው። ሁለቱንም ጻፉላቸው፦ ሐዋሳ ረቡዕ ጥር 19 (ጃንዋሪ 27) መግቢያ፣ እሑድ ጥር 23 (ጃንዋሪ 31) መውጫ፣ 4 ሌሊት፤ ቢሾፍቱ እሑድ ጥር 23 (ጃንዋሪ 31) መግቢያ፣ ረቡዕ ጥር 26 (ፌብሩዋሪ 3) መውጫ፣ 3 ሌሊት። የሳምንቱ ቀን ስም ከተጻፈ ስህተቱ ወዲያው ይታያል። «አራት ቀን» አትበሉ፤ «አራት ሌሊት» በሉ። አራት ቀን ያለ ሰው ሦስት ሌሊት ተይዞለት በአራተኛው ቀን ክፍል ልቀቅ ሲባል ነው የሚነቃው። ሰዓትም ቢሆን «ከቀኑ 8 ሰዓት በኢትዮጵያ» ተብሎ ይጻፍ።

ዋጋ ሲነገራችሁ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሁሉንም ያካተተ ነው?» ይሁን። ብዙ ሪዞርቶች የሚነግሩት ሰርቪስ ቻርጅና ቫት ሳይጨመርበት ነው። አሠራሩ መጀመሪያ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ፣ ከዚያ በድምሩ ላይ 15 በመቶ ቫት ነው። ለማስላት ያህል 10,000 ብር የተባለ ክፍል መጀመሪያ 11,000፣ ከዚያ 12,650 ይሆናል፤ 26.5 በመቶ ጨመረ ማለት ነው። ሁለት ክፍል ለሰባት ሌሊት 140,000 ብር ብላችሁ የያዛችሁት 177,100 ሆኖ ይወጣል። ምግቡ ላይም ያው ስሌት አለ፤ ሜኑው ግርጌ ያለችውን ትንሿን ጽሑፍ አንብቡ። ሁለት ሆቴል ስታወዳድሩ አንዱ ያካተተውን፣ ሌላው ያላካተተውን ይዛችሁ እንዳትፈርዱ። ቀብድ ስትከፍሉ በሆቴሉ ድርጅት ስም በተከፈተ ሒሳብ ይሁን እንጂ በሠራተኛ የግል ሒሳብ አይሁን፤ ማረጋገጫው ላይም ብትሰርዙ እስከ ስንት ቀን ድረስ ገንዘቡ እንደሚመለስ ይጻፍ። ለሦስትና ለአራት ሌሊት ቅናሽ አለ ወይ ብሎ መጠየቅም ነውር የለውም፤ በተለይ ቢሾፍቱ ለእሑድ እስከ ማክሰኞ።

ክፍሉን በጥንቃቄ ያዙ። ለስድስት ሰው አንድ ፋሚሊ ሩም ርካሽ ይመስላል፤ ግን የ3 ዓመት ልጅ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኝቶ እማማ ለሱብሂ (ለንጋት ሶላት) ሲነሱ ሁሉም ይነቃል። ሁለት ክፍል ይሻላችኋል፦ አንዱ ሁለት ነጠላ አልጋ ያለው (ትዊን) ለእማማና ለ12 ዓመቱ፣ የ8 ዓመቱ በተጨማሪ አልጋ፤ ሌላው ትልቅ አልጋ ያለው ለእናንተና ለትንሹ። «አጠገብ ለአጠገብ» እና «በውስጥ በር የሚገናኝ» አንድ አይደሉም። የምትፈልጉት ሁለተኛውን ነው፤ ከሌለ ጎረቤት ክፍሎች። ይህን «እንሞክራለን» ካሏችሁ አልተያዘም ማለት ነው፤ ማረጋገጫው ላይ ይስፈር።

የልጆች ዕድሜ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ወሰን አለው። አንዱ እስከ 6 ዓመት ነጻ፣ እስከ 12 ግማሽ ይላል፤ «እስከ 12» ውስጥ 12 ይገባል ወይ የሚለው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው፤ የእናንተው ትልቁ ልጅ በትክክል ድንበሩ ላይ ነው። ቁርስም አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ክፍል ሁለት ሰው ብሎ ነው የሚቆጠረው። በሁለት ክፍል አራት ቁርስ አላችሁ፤ አምስተኛውና ስድስተኛው በየጠዋቱ ሒሳብ ላይ ይደመራል። ይህን አስቀድሞ መስማማት ከካሸር ጋር ከመነታረክ ያድናል።

ለእማማ «ምድር ቤት» ማለት ብቻ አይበቃም። ሐይቅ ዳር ያሉ ሪዞርቶች በተዳፋት ላይ ስለሚሠሩ ምድር ቤት የተባለው ክፍል ከምግብ አዳራሹ ሠላሳ የድንጋይ ደረጃ ታች ሊሆን ይችላል፤ ቢሾፍቱ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ሐይቆች ጠርዝ ላይ የተሠሩት በተለይ። ስለዚህ እንዲህ ጠይቁ፦ ከክፍሉ በር እስከ ቁርስ ቤት ስንት ደረጃ አለ? እንግዳ የሚያመላልስ ትንሽ መኪና አላችሁ? ሻወሩ ወለል ላይ ነው ወይስ ገንዳ ውስጥ ተገብቶ ነው? ይቺ የመጨረሻዋ ችላ ትባላለች። የመታጠቢያ ገንዳ ጠርዝ እስከ ጉልበት ይደርሳል፤ ጉልበት የሚያማቸው ሰው እርጥብ እግር ይዘው ያንን ሲሻገሩ ነው የሚወድቁት። ገንዳ ብቻ ከሆነ ክፍል አስቀይሩ፤ ካልተቻለ የፕላስቲክ በርጩማና የማይንሸራተት ምንጣፍ ጠይቁ። ለውዱእና ለመጸዳጃ ማንቆርቆሪያ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ ሰፊ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይወስድም። ቂብላውን (የሶላት አቅጣጫውን) ከሁለቱም ቦታ ወደ ሰሜን፣ በትንሹ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ታገኙታላችሁ፤ ስልኩ ላይ አይታችሁ አስተካክሉት።

መጓጓዣ ላይ አንድ መኪና ለስምንቱም ቀን መከራየት የሚያስከፋ ወጪ ነው። አምስቱን ቀን ቆሞ ይውላል፤ የሹፌሩ አበልና ማደሪያ ግን ይቆጠራል። ሦስት የተለያየ ኮንትራት ያዙ፦ ከቦሌ ሐዋሳ፣ ከሐዋሳ ቢሾፍቱ፣ ከቢሾፍቱ ቦሌ። ለስድስት ሰውና ለሻንጣ ሃይሩፍ ሚኒባስ ነው የሚሆነው፤ እማማ የፊት ወንበር ላይ እግራቸውን ዘርግተው ይቀመጡ። ስትዋዋሉ ነዳጅ፣ የፈጣን መንገድ ክፍያና የሹፌሩ ባዶ መመለሻ በዋጋው ውስጥ መሆኑን ጠይቁ። ሐዋሳ ከተማ ውስጥ በባጃጅ መዘዋወር ይቻላል። የኮምቦልቻውን በረራ የጠዋቱን ምረጡ፤ ቦሌ ከ8 ሰዓት በኋላ የምትደርሱ ከሆነ በዚያ ቀን ሐዋሳ አትግቡ፤ በመሸ መንገድ ከልጆች ጋር አይሆንም። ሌላው አማራጭ ከኮምቦልቻ በቦሌ በኩል እስከ ሐዋሳ በአንድ ትኬት መብረር ነው። ለስድስት ሰው ይወደዳል፤ ለእማማ ጉልበት ግን ከአምስት ሰዓት መኪና የሚመረጥ ነው። ለአገር ውስጥ በረራ ለአዋቂዎች ፋይዳ ወይም ሌላ የታደሰ መታወቂያ፣ ለልጆች የልደት ምስክር ወረቀት ያዙ። ሆቴሎቹም መታወቂያ ይመዘግባሉ። ከውጭ የመጣ ዘመድ አብሯችሁ ካለ ለውጭ ፓስፖርት በዶላር የሚከፈል የተለየ ዋጋ ሊኖር ስለሚችል አስቀድማችሁ ተናገሩ።

አሁን የእሑዱን ዝውውር እንይ፤ ጉዞው የሚሳካውም የሚበላሸውም በዚህ ቀን ነው። አንዱ ሆቴል ከቀኑ 4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ክፍል ያስለቅቃል፣ ሌላው 8 ሰዓት ላይ ያስገባል። መሐሉን ባዶ ከተዋችሁት ሦስት ልጅ፣ አንዲት አዛውንትና ስድስት ሻንጣ ሪሴፕሽን ሶፋ ላይ ነው የሚውሉት። መንገዱ ግን ያንን ክፍተት ልክክ አድርጎ ይሞላዋል። ቅዳሜ ማታ ሒሳቡን አስወጡና መርምሩ፤ ያልጠጣችሁት ለስላሳ ካለ ጠዋት በጥድፊያ ሳይሆን ያኔ ይስተካከል። የልብስ አጠባ ካስፈለገ ዓርብ ጠዋት ስጡ፤ ቅዳሜ የተሰጠ ልብስ ለእሑድ ጠዋት ላይደርስ ይችላል። እሑድ ጠዋት ዋና የለም፤ የረጠበ የዋና ልብስ በፌስታል ታስሮ ለአምስት ሰዓት ሲጓዝ ምን እንደሚሸት የታወቀ ነው። ከቁርስ በኋላ 3 ሰዓት ተነሱ። ሻሸመኔና አርሲ ነጌሌ ላይ ጋሪና ባጃጅ ስለሚያጨናንቁ ቀስ ትላላችሁ፤ ባቱ (ዝዋይ) 5 ሰዓት ከሩብ እስከ 5 ተኩል ትደርሳላችሁ። ምሳ እዚያ ዓሣ ብሉ፤ ልጆቹም ይሩጡ። ከባቱ እስከ ሞጆ ፈጣኑ መንገድ ስላለ ቀሪው ይቀላል፤ 6 ተኩል ላይ ከተነሳችሁ ከ8 ሰዓት ጥቂት አልፎ ቢሾፍቱ ናችሁ፤ ክፍሉም ያኔ ይዘጋጃል። አስቀድማችሁ የዋና ልብስ፣ ፎጣ፣ የእማማ መድኃኒትና የትንሹ ዳይፐር ብቻ ያለበት አንድ የእጅ ቦርሳ ለይታችሁ ያዙ። ክፍሉ ቢዘገይ ሻንጣውን ሪሴፕሽን አስቀምጣችሁ ልጆቹን ወደ ገንዳው መውሰድ ትችላላችሁ፤ ይፈቀድ እንደሆነ ከዋዜማው በስልክ ጠይቁ።

ስለ ውሃው፦ ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ልጆቹን አታስገቡ፤ ቢልሃርዚያ አለበት። ሐይቁን በጀልባ፣ ዋናን በገንዳ አድርጉት፤ በጀልባ ስትወጡ የሕይወት ጃኬት በልጅ ልክ መኖሩን አይታችሁ ተሳፈሩ፣ ጀልባውም ለፎቶ ብሎ ጉማሬ እንዳይጠጋ። የቢሾፍቱ ገንዳ ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ በጥር ጠዋትና ማታ ይቀዘቅዛል፤ የሚሞቅ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ካልሆነ የልጆች ዋና ከ5 እስከ 9 ሰዓት ባለው ይሁን። ነፍስ አድን ሠራተኛ አለ ብላችሁ አትተማመኑ፤ ለ3 ዓመቱ ልጅ አንድ አዋቂ በእጅ ርቀት ይቆጠር። ልጆቹ የሚጠይቁት የውሃ መንሸራተቻውን ብቻ ከሆነ ደግሞ የኩሪፍቱ ውሃ ፓርክ በቀን መግቢያ ስለሚገባ እዚያው ማደር ግድ አይደለም፤ ደረጃ የሌለውና ዋጋው የሚቀል ሆቴል ይዛችሁ አንድ ቀን መሄድ ትችላላችሁ። ሰኞ ወይም ማክሰኞ ክፍት መሆኑንና ለ8 ዓመቱ የቁመት ገደቡን ደውላችሁ አረጋግጡ።

ሥጋ ላይ «ሐላል አላችሁ?» ብትሉ አስተናጋጁ አዎ ይላል። «ሥጋውን ከየትኛው ሥጋ ቤት ነው የምታመጡት? የሙስሊም ነው?» ብላችሁ ሼፉን ጠይቁ፤ መልሱ ስም ካለው ይታመናል። ሐዋሳ ላይ ነገሩ ቀላል ነው፤ የቆሮሶ (የቲላፒያ ዓሣ) ጥብስ ወይም የዓሣ ሾርባ ይዟችሁ ይከርማል፤ የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ጠዋት ሄዳችሁ ሲጠበስ ማየትም ይቻላል። ጥሬውን ለልጅ አትስጡ። ቢሾፍቱ ላይ ቁርሱን ከቡፌ (እንቁላል፣ ፉል፣ ጨጨብሳ፤ ቋሊማውን እለፉ)፣ ሥጋ ሲያምራችሁ ደግሞ ከተማ ወጥታችሁ የሙስሊም ምግብ ቤት ብትበሉ ነው የሚያዋጣው።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ልጆቹ ወባን አያውቁትም፤ ሐዋሳ ደግሞ 1,700 ሜትር ገደማ ናት። ከ12 ሰዓት በኋላ ረጅም እጅጌ፣ ማታ አጎበር፤ አጎበሩ ቀዳዳ ካለው አስቀይሩ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ እንዲያውም በወራት ውስጥ፣ ከመካከላችሁ አንዱ ቢያተኩሰው ለሐኪሙ «ሐዋሳ ነበርን» በሉት፤ ደሴ ላይ ጉንፋን ተብሎ እንዳይታለፍ።

የእማማን መድኃኒት ከሰባት ቀን በላይ፣ ለአሥር ቀን የሚሆን ያዙ። የኮምቦልቻው በረራ በአየር ጠባይ ምክንያት ቢሰረዝ ቢሾፍቱ ላይ አንድ ሌሊት መጨመር ነው፤ ረቡዕ ማታ ክፍል አይጠፋም። ማክሰኞ ማታ ግን ሪሴፕሽኑን «ነገ ብንቆይ በዚያው ዋጋ ነው?» ብላችሁ አስመዝግቡ፤ ከቦሌ ተመልሳችሁ ስትጠይቁ ዋጋው ሌላ ሊሆን ይችላል።